የወንዝ ዳር ቦታ ዋጋ ከድጋፍ ግንቡ ይጀምራል

በአዲስ አበባ ወንዝ ዳር ያለ ቦታ ለገበያ ሲቀርብ ሁለት ዋጋ ይዞ ነው፡፡ አንዱ ደላላው የሚጠራው ነው፡፡ ሌላው ገዥው ውል ከተፈራረመ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ የሚደርስበት የድጋፍ ግንብ ወጪ ነው፡፡ ሁለቱ ሲደመሩ ረከሰ የተባለው ቦታ ከዋናው መንገድ ዳር ካለው ሊወደድ ይችላል፡፡

ቀበና፣ ግንፍሌና ባንትይቀጡ ከእንጦጦ በኩል ወርደው ከተማዋን በማቋረጥ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፡፡ በበጋ ቦታ ሊያይ የሄደ ሰው የሚያገኘው በድንጋይ መሀል የሚንሸራሸር ቀጭን ውሃ ነው፡፡ ሆኖም ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፡፡ አስፋልቱና ጣሪያው በበዛ ቁጥር ደግሞ ዝናቡ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ በአንድ ጊዜ ወንዙን ይሞላል፡፡

ግንቡን የሚጥለው ማን ነው?

ብዙ ባለይዞታዎች ግንብ የሚፈርሰው ጎርፍ ከፊት ለፊት ሲመታው ይመስላቸዋል፡፡ ብዙውን ጊዜ ግን አደጋው የሚመጣው ከስርና ከጀርባ ነው፡፡ ውሃው የመሠረቱን አፈር እየሸረሸረ ሲወስድ ግንቡ የሚቆምበት ያጣል፡፡ ከጀርባ ደግሞ ዝናብ የጠጣ አፈር ይገፋዋል፡፡ በተለይ መረሬ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፡፡

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፡፡ መሠረቱ ጎርፍ ሊሸረሽር ከሚችለው ጥልቀት በታች መውረድ አለበት፡፡ ከግንቡ ጀርባ መረሬው ወጥቶ ጠጠር ይሞላል፤ ውሃው እንዲወጣም በግንቡ ውስጥ ቧንቧዎች ይቀበራሉ፡፡ እነዚህ ከተሸፈኑ በኋላ ስለማይታዩ ወጪ ለመቀነስ የፈለገ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያስቀረው እነሱን ነው፡፡

ድንጋይ ወይስ ጋቢዮን?

በሲሚንቶ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ጠንካራና ቦታ ቆጣቢ ነው፡፡ ነገር ግን መሠረቱ በትንሹም ቢሆን ከሰጠመ ይሰነጠቃል፡፡ ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላበት የሽቦ ሳጥን፣ ውሃን በራሱ ያሳልፋል፤ መሬቱ ሲሰጥምም ሳይሰነጠቅ አብሮ ይተጣጠፋል፡፡ ጉዳቱ ወርዱ ሰፊ በመሆኑ ከግቢው መሬት መውሰዱና ሽቦው ዝገት የሚያጠቃው መሆኑ ነው፡፡ ቆሻሻ በሚለቀቅባቸው የከተማው ወንዞች ላይ በፕላስቲክ የተለበጠውን ሽቦ መምረጥ ይሻላል፡፡

የቁመት ሂሳብ

ገዥዎችን የሚያሳስተው ትልቁ ነገር ግን ቁመት ነው፡፡ ለምሳሌ 3 ሜትር ከፍታ፣ ከታች 1.5 ሜትር፣ ከላይ 0.5 ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ ከመሠረቱ ውጭ በአንድ ሜትር ርዝመት 3 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይፈልጋል፡፡ ወንዙን የሚያዋስነው ርዝመት 20 ሜትር ቢሆን 60 ሜትር ኩብ ይሆናል፡፡ ከፍታው ወደ 6 ሜትር ካደገና ውፍረቱም በዚያው ልክ ከጨመረ 240 ሜትር ኩብ ይደርሳል፡፡ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ሥራው አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፡፡ ስለዚህ በካሬ ሜትር ዋጋ ከመከራከር በፊት የገደሉን ቁመት መለካት ይቀድማል፡፡

የቆመ ግንብ ያለበትን ቦታ የሚገዛም ቢሆን መፈተሹ አይቀርለትም፡፡ የተደፈኑ የውሃ መውጫዎች፣ አግድም የሄደ ስንጥቅና ከስር የተቦረቦረ መሠረት የአደጋ ምልክቶች ናቸው፡፡ ከስር መቦርቦር የጀመረው በበጋ በኮንክሪት ሊደገፍና ከፊቱ ጋቢዮን ሊነጠፍለት ይችላል፡፡ ሆዱን የነፋ ግንብ ግን በልስን አይድንም፡፡

ካርታና ፈቃድ

መሬት በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት አይሸጥም አይለወጥም፡፡ ገዥው የሚያገኘው በመሬቱ ላይ ያለውን ንብረትና የመጠቀም መብት ነው፡፡ ግንባታ ደግሞ በሕንፃ አዋጅ መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፡፡ በካርታው ላይ ከተመለከተው ወሰን አልፎ ወደ ወንዙ የተገፋ ግንብ ለባለቤቱ ሀብት ሳይሆን ዕዳ ነው፡፡ ወንዙን ስለሚያጠብም ጎርፉን ወደ ማዶኛው ጎረቤት ይመልሰዋል፡፡

ጉዳዩ በ2011 ዓ.ም. ይፋ ከሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ወዲህ ይበልጥ ከብዷል፡፡ ፕሮጀክቱ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንዲያለማ ታቅዶ የተጀመረ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በተከተሉት የወንዝ ዳርቻ ሥራዎችም ብዙ ይዞታዎች ተነስተዋል፡፡ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው፡፡ ስለዚህ ገዥ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ቦታው በወንዝ ዳርቻ ልማት ክልል ውስጥ መግባት አለመግባቱን ከክፍለ ከተማው ማረጋገጥ ይኖርበታል፡፡

ወንዝን በበጋ መልኩ መገመት ምን እንደሚያስከፍል ድሬዳዋ አሳይታለች፡፡ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደቻቱ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ዳርቻው ላይ የነበሩ ቤቶችንና የንግድ ዕቃዎችን ጠርጎ ወስዷል፡፡ ወንዝ ዳር ቦታ የሚፈልግ ባለሀብት መሐንዲስ ይዞ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በነሐሴ ቢያየው ለመሐንዲሱ የሚከፍለው ከሚያድነው ገንዘብ ጋር አይወዳደርም፡፡