ቆሞ የኖረ ፔጆ 404፦ የጉዳቱ ባሕርይና የአነሣሡ ቅደም ተከተል

ከፈላና በር አካባቢ አንሥቶ በሐረር መንገዶች ለዐሥርት ዓመታት በታክሲነት ያገለገለው ፔጆ 404 በፈረንሳይ የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ነው። በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪን ማሸነፉ ለጥንካሬው ምስክር ነው። ይሁን እንጂ መኪና ቆሞ ሲኖር የሚደርስበት ጉዳት ሲሠራ ከሚደርስበት ይለያል። ስለዚህ ለዓመታት በቆመ 404 ላይ አዲስ ባትሪ አስሮ ሞተሪኖ ማዞር ወይም ገፍቶ ማስነሣት የተረፈውን ሊያጠፋ ይችላል።

የመጀመሪያው ችግር ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ፋሻዎቹ በዝገት ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃሉ፤ በኃይል ሲላቀቁ ይሰበራሉ፣ ሲሊንደሩንም ይቧጭራሉ። ስለሆነም አስቀድሞ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ጥቂት ዘይት ማፍሰስ፣ ቢያንስ አንድ ቀን መጠበቅ፣ ከዚያም ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ይገባል።

ሁለተኛው ውኃ ነው። የ404 ሲሊንደሮች ውኃ በቀጥታ የሚነካቸው ተነቃይ ክፍሎች ሲሆኑ፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ የሞተሩ አካል ደግሞ ብረት ነው። መከላከያ ቅመሙ ባለቀበት ውኃ ሁለቱ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ከሲሊንደሮቹ ግርጌ ያለው ማሸጊያ ከደከመም ውኃ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ ሞተሩ መነሣት የለበትም።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። የቆየ ቤንዚን ቀላል ክፍሉ ተንኖ ቀሪው ወደ ሙጫነት ስለሚለወጥ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ታንኩና መስመሩ እስኪጸዱ ድረስ ሞተሩን ከሌላ ዕቃ በሚመጣ ንጹሕ ቤንዚን መፈተሽ ይሻላል።

የኋላ ዲፈረንሻሉም ጥንቃቄ ይሻል። ጥምዝ ዘንግ የሚያዞረው ጥርሱ ከነሐስ የተሠራ በመሆኑ፣ ነሐስን የሚበላ የድኝ ቅመም ያለበት ዘይት ሊሞላበት አይገባም።

ሞተሩ ተነሣ ማለት ግን መኪናው ዳነ ማለት አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ የፍሬን ሲሊንደሮችን ያዝጋል፣ ፍሬኑ ሲግል ደግሞ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ጎማው ያረጀ፣ የፍሬን ዘይቱና ላስቲኮቹ ያልተለወጡ መኪና ይህን ቁልቁለት ሊሞክር አይገባም። የጥገናው ስኬት የሚለካው በሞተሩ መነሣት ሳይሆን መኪናው በተፈለገበት ቦታ በመቆሙ ነው።