የከተማ ባቡርና የነጋዴ ደጃፍ
በስትራስቡርግ ከተማ የተደረገው ምርጫ ለባለሱቆች ያስገኘው ትምህርት

ለባለሱቅ ከሸቀጡ ሁሉ የሚበልጠው ሀብቱ ደጃፉ ነው። ዕቃው ቢያልቅ ሌላ ያስመጣል፤ ዋጋ ቢወድቅ ታግሦ ይጠብቃል፤ በደጃፉ የሚያልፈው ሰው የቀረበት እንደሆነ ግን ምንም ያህል ብልህ ቢሆን ሊያተርፍ አይችልም። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤት መሐንዲሶች ካርታ ዘርግተው በገበያው ጎዳና ላይ መሥመር ሲያሰምሩ፣ ከማንም በፊት የሚደነግጠው ነጋዴው ቢሆን የሚያስደንቅ ነገር አይደለም።

ይህ ድንጋጤ ምን ያህል እውነት አለው? ነጋዴውስ ጥቅሙን የሚያስከብረው በምን መንገድ ነው? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይሆን ዘንድ፣ በፈረንሣይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ በ1989 ዓ.ም. የተደረገውን የማዘጋጃ ቤት ምርጫና ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር መመልከት ይጠቅማል። በዚያ ምርጫ ከነበሩት ክርክሮች ዋነኛው ስለ ከተማ ባቡር ነበርና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማይቱና ጎዳናዋ

ስትራስቡርግ በፈረንሣይ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በአልዛስ አውራጃ፣ በራይን ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ጥንታዊት የንግድ ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ የጀርመኗ ከተማ ኬል ትታያለች። በስትራስቡርግ ጎዳናዎች ላይ ትራም መሄድ የጀመረው በ1878 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ በፈረስ ይጎተት ነበር፤ በኋላም በኤሌክትሪክ ኃይል ሠራ። ነገር ግን አውቶሞቢል በበዛበት ዘመን ትራም የአሮጌ ዘመን ዕቃ ነው ተብሎ በ1960 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ።

ከዚህ በኋላ ጎዳናው ሁሉ ለመኪና ተለቀቀ። በከተማይቱ መካከል የሚገኘውን ክሌበር አደባባይን በቀን 50,000 ያህል መኪናዎች ያቋርጡት ጀመር። ይሁን እንጂ ከነዚህ አብዛኞቹ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመተላለፍ ብቻ የሚመጡ እንጂ ቆመው የሚገበዩ አልነበሩም። ጢሱና ጩኸቱ ለባለሱቁ ሲቀር፣ ገንዘቡ ግን ከመኪናው ጋር አብሮ ያልፍ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ እጅግ ከናረ በኋላ የፈረንሣይ መንግሥት ነገሩን እንደገና አሰበበት። በ1975 ዓ.ም. የትራንስፖርት ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ማርሴል ካቫዬ ለ8 ከተሞች ደብዳቤ ጽፈው የትራምን ነገር እንዲያጠኑ ጋበዙ፤ ስትራስቡርግም ከነዚህ አንዷ ነበረች። ሆኖም በ1980ዎቹ ዓመታት የከተማይቱ ሹማምንት ያዘነበሉት ወደ ሌላ ዓይነት ባቡር ነበር። ይኸውም በ1983 ዓ.ም. በሊል ከተማ ሥራ የጀመረው፣ ያለ ነጂ የሚሄደው፣ ቫል የተባለው ባቡር ነው። ይህንንም በከተማይቱ መካከል በዋሻ ውስጥ ለማሳለፍ ታሰበ።

በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ የመካከል ከተማ ባለሱቆች ቫልን ደግፈው ትራምን ተቃወሙ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። ባቡሩ ከመሬት በታች ከሄደ ከላይ ያለው ጎዳና ለመኪና እንደ ነበረ ይቀራል። ትራም ግን ሐዲዱን በጎዳናው ላይ ስለሚዘረጋ መኪናውን ያስወጣል። መኪና ያለው ገበያተኛ ደግሞ ብዙ ገዝቶ፣ ጭኖ የሚሄድ ደንበኛ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ለምርጫ የቀረበው ጥያቄ

በፈረንሣይ አገር ሕዝቡ ከንቲባውን በቀጥታ አይመርጥም። የሚመርጠው የከተማውን ምክር ቤት አባላት ዝርዝር ነው፤ ምክር ቤቱም ከመካከሉ ከንቲባውን ይሾማል። ስለዚህ አንድን ሥራ ለማሠራት የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን የሚደግፉ ሰዎችን አሰባስቦ፣ ዝርዝሩን አቅርቦ፣ በየሰፈሩ እየዞረ ማስረዳት ግዴታው ነው።

ይህን ያደረጉት ወይዘሮ ካትሪን ትሮትማን ናቸው። በ1951 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የተወለዱ፣ የፕሮቴስታንት ሃይማኖት ትምህርት የተማሩ፣ በ1986 ዓ.ም. በሶሻሊስት ፓርቲ በኩል የአገሪቱ ፓርላማ አባል የሆኑ ሰው ነበሩ። በምርጫው ፕሮግራማቸው ላይ ቫል ቀርቶ ትራም ይሠራ ብለው ቆሙ።

ክርክራቸውም ሁለት ነበር። አንደኛው የገንዘብ ነው፤ ዋሻ ለመቆፈር የሚወጣው ወጪ እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር ቫል የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ኪሎ ሜትር ትራም ያሠራል፤ ስለዚህ በአንድ በጀት ብዙ ሰፈሮችን ማዳረስ ይቻላል የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ጎዳናው ነው፤ ሕዝቡን ከመሬት በታች ደብቆ ጎዳናውን ለመኪና ከመተው ይልቅ፣ ጎዳናውን ለእግረኛ መልሶ ባቡሩን በፀሐይ ብርሃን ማስኬድ ይሻላል የሚል ነው።

በዚህ ጉዳይ ለምርጫ መቆም ቀላል ነገር አልነበረም። የናንት ከተማ ታሪክ ገና አልተረሳም ነበርና። በዚያ ከተማ በ1977 ዓ.ም. የተመረጡት ከንቲባ አላን ሼናር ትራም እንዲሠራ ወሰኑ፤ ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. ቁፋሮው ገና ሳያልቅ ምርጫ ደረሰና ትራሙን በተቃወሙት በሚሼል ሾቲ ተሸነፉ። ሥራው ብዙ የተገፋ በመሆኑ አዲሱ ከንቲባ ሊያስቆሙት አልቻሉም፤ ባቡሩም በጥር 1985 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሥራውን የጀመሩት ሰው ግን ፍሬውን በወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አላዩትም። የግረኖብል ከተማ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደች። በ1983 ዓ.ም. ሕዝቡን በቀጥታ ጠይቃ፣ ከድምፅ ሰጪዎቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት ስለ ተስማሙ፣ ትራሟን በ1987 ዓ.ም. ከፈተች።

በስትራስቡርግም መጋቢት 1989 ዓ.ም. ምርጫው ተደርጎ፣ በሁለተኛው ዙር የወይዘሮ ትሮትማን ዝርዝር አሸነፈ። እርሳቸውም ከ100,000 በላይ ሕዝብ ያለበትን የፈረንሣይ ከተማ በከንቲባነት ለመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ቫልም ተሠርዞ ትራም ተመረጠ።

የቁፋሮው ዘመን

ነጋዴውን ያስፈራው ነገር ሁሉ ከንቱ ፍርሃት ነበር ማለት አይቻልም። ሥራው በ1991 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ 1994 ዓ.ም. ቆየ። በ1992 ዓ.ም. ክሌበር አደባባይ ለተላላፊ መኪና ተዘጋ። የውኃው፣ የጋዙና የኤሌክትሪኩ መሥመር ከሐዲዱ ሥር ተነሥቶ ወደ ጎን መዛወር ነበረበት። በትልቁ የባቡር ጣቢያ ሥር ብቻ 1,400 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ተቆፈረ። እንዲህ ባለ ጊዜ በደጃፉ አጥር የቆመበት ባለሱቅ ኪራዩንና የሠራተኛውን ደመወዝ እየከፈለ ደንበኛውን በናፍቆት ይጠብቃል። ትልቅ ካፒታል ያለው ይህን ዘመን ሊሻገረው ይችላል፤ በትንሽ ገንዘብና በዱቤ የሚሠራው ግን «ነገ ትራሙ ሲመጣ ታተርፋለህ» በሚል ተስፋ ብቻ የዛሬውን ዕዳ ሊከፍል አይችልም።

በዚህ ረገድ የፈረንሣይ ሕግና ልማድ ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በሕጉ መሠረት በሕዝብ ሥራ ምክንያት ከተለመደው መጠን ያለፈና በተለይ እርሱን የነካ ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ነገሩ በሙግት ብዙ ዓመት እንዳይፈጅ፣ ትራም የሚሠሩ ከተሞች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ክርክር በሚያይ ዳኛ የሚመራ፣ በስምምነት የሚጨርስ ኮሚሲዮን የማቋቋም ልማድ አላቸው። ካሣ ጠያቂው የሚቀርበው በለቅሶ ሳይሆን በመዝገብ ነው። ከሥራው በፊት የነበሩትን ዓመታት ሽያጭ ከቁፋሮው ጊዜ ሽያጭ ጋር አስተያይቶ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ ሒሳቡን በየጊዜው አጣርቶ የያዘው ነጋዴ ጉዳቱን በቁጥር ያሳያል፤ መዝገብ የሌለው ግን የደረሰበት ጉዳት እውነት ቢሆንም ማስረጃ ያጣል።

ሐዲዱ ከተከፈተ በኋላ

በኅዳር 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው መሥመር ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 9.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በምዕራብ በኩል ካለው ከኦትፒየር ሰፈር ተነሥቶ መካከል ከተማውን አቋርጦ በደቡብ እስከ ባገርሴ ይደርስ ነበር። የባቡሩ ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ ሽማግሌውም፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋውም እናት ደረጃ ሳይወጡ ይገባሉ። መስኮቱም ሰፊ በመሆኑ ተሳፋሪው የሱቆቹን መስተዋት እያየ ያልፋል። ይህ ሁለተኛው ነገር ለነጋዴ ቀላል አይደለም። በዋሻ ውስጥ የሚሄድ ሰው የሚያየው ግድግዳ ብቻ ነው፤ በጎዳና ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን በመስኮት ያየውን ሸቀጥ ወርዶ ሊገዛው ይችላል።

መኪና ያለው ደንበኛም ጨርሶ አልተጣለም። ከከተማው ዳር፣ ከትራሙ ጣቢያዎች አጠገብ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ተሠራ። መኪናውን በዚያ የሚያቆም ሰው የሚከፍለው ሒሳብ፣ በመኪናው ውስጥ አብረውት ለመጡት ሁሉ የደርሶ መልስ የትራም ቲኬት ይጨምራል። በዚህ ዓይነት መኪናው ከዳር ይቀርና ባለመኪናው ከነቤተ ሰቡ ወደ ገበያው ይገባል። ለባለሱቁ የሚያስፈልገው ደግሞ ገዢው እንጂ መኪናው አይደለም።

ሕዝቡም ፍርዱን ብዙ አላዘገየም። በ1995 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ትሮትማን በመጀመሪያው ዙር እንደገና ተመረጡ። በ1997 ዓ.ም. የባህል ሚኒስትር ሆኑ። በ2000 ዓ.ም. ሌሎች ሁለት አዲስ መሥመሮች ተከፈቱ። በ2001 ዓ.ም. ከንቲባነቱን ከሌላ ወገን የመጡት ወይዘሮ ፋቢየን ኬለር ወሰዱ፤ ነገር ግን ትራሙን ማስፋፋት ቀጠለ እንጂ አልቆመም። በ1989 ዓ.ም. የፓርቲ ክርክር የነበረው ነገር የከተማው ሁሉ ንብረት ሆኖ ነበርና።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሐዲዱ በአዲስ ድልድይ ራይንን ተሻግሮ ኬል ገባ። ዋጋቸው በጀርመን ረከስ የሚለውን እንደ ትምባሆና የገላ መጠበቂያ ያለውን ዕቃ ለመግዛት የሚሻገረው ፈረንሣዊ በትራም የሚሄድ ሆነ፤ የኬልም ሰው እንዲሁ ወደ ስትራስቡርግ ይመጣል። ከዚህ የምንረዳው፣ ሐዲድ ደንበኛ የሚያመጣውን ያህል ተወዳዳሪንም የሚያቀርብ መሆኑን ነው።

ነጋዴው የሚቀመጥበት ወንበር

በፈረንሣይ አገር በ1973 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት በትልልቅ ከተሞች ከዘጠኝ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ሁሉ ለከተማ ትራንስፖርት የሚውል መዋጮ ከደመወዝ ወጪው ላይ ተሰልቶ ይከፍል ነበር። ስለዚህ ነጋዴው የትራሙ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ከፋዩም ነበር። ከፋይ የሆነ ሰው ገንዘቡ የሚመደብበት ስብሰባ ላይ ድምፅ እንዲኖረው መፈለጉ ተገቢ ነው።

የአዲስ አበባ ነጋዴ ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አይሰማውም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በከተማችን ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት መሥመሮች ሲኖሩት፣ ወጪውም 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆኖ አብዛኛው ከቻይና በብድር የተገኘ ነው። መርካቶንና ሌሎች የንግድ ሰፈሮችን የሚነካ በመሆኑ፣ በመሥመሩ ግራና ቀኝ ያለ ባለሱቅ የቁፋሮን ዘመን፣ የአጥርን ነገርና ማቋረጫ ፍለጋ የሚዞረውን ደንበኛ ያውቃል።

ከስትራስቡርግ የሚወሰደው ትምህርት ነጋዴ ሁሉ ትራምን ይደግፍ ወይም ይቃወም የሚል አይደለም። ባለሱቆቹ ስለ ቁፋሮው ያሰቡት ትክክል ነበር፤ የሳቱት በመኪናና በገዢ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ደጃፋቸውን የሚያልፈውን መኪና ቆጠሩ እንጂ ወደ ሱቁ የሚገባውን ሰው አልቆጠሩም። ይህን ቆጠራ ማድረግ ደግሞ ለማንም ባለሱቅ የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ደንበኛውን ሁሉ በምን እንደ መጣ ጠይቆ በመዝገብ ማስፈር ይበቃል።

እንዲህ ያለውን መዝገብ የያዘ ነጋዴ በምርጫ ጊዜ እጩዎችን የሚጠይቀው ነገር አለው። ቁፋሮው በየትኛው ወር ይጀመራል? በዓል ሲደርስ ሥራው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ሸቀጥ የጫነ መኪና በስንት ሰዓት ይገባል? ካሣ የሚከፈለው በምን ማስረጃ ነው? እጩዎቹ መልስ ያጡ እንደሆነ ደግሞ ራሱ ለምክር ቤቱ አባልነት ቢቀርብ ነውር የለበትም። ሸቀጥ የሚራገፍበትን ሰዓት ከባለሱቅ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለምና። ካርታው ከጸደቀና አጥሩ ከቆመ በኋላ የሚጻፈው አቤቱታ ግን፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የተባለው ይሆናል።