ስለ ጀማሪ ኩባንያዎች የተሠራው ቧልትና የተመልካቾቹ ፍርድ

በኡካ ወይም በመቱ ገበያ ቡና የሚገዛ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ዋጋ አይቈርጥም። ከመካከሉና ከሥሩ ናሙና አውጥቶ፥ በእጁ አሽቶ፥ አሽትቶ፥ እርጥበቱንና እንከኑን ከመረመረ በኋላ ነው ዋጋውን የሚናገረው። በዚህ ዘመን ግን እንደ ቡና ጆንያ ተወግቶ ሊመረመር የማይችል ሌላ ሸቀጥ ወደ ንግዱ ዓለም ገብቷል። ይኸውም በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚሰጥ አገልግሎት፥ እንዲሁም ይህን አገልግሎት እናቀርባለን የሚሉ ጀማሪ ኩባንያዎች ድርሻ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች በተለመደው አጠራር «ስታርት አፕ» ይባላሉ።

በእነርሱ ላይ በአሜሪካ አንድ አስቂኝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ትርኢት ተሠርቷል። ስሙ ኩባንያዎቹ ከሚበዙበት ከካሊፎርኒያው ሸለቆ ተወስዶ «ሲሊከን ቫሊ» ተብሏል። ኤች.ቢ.ኦ. በተባለው ጣቢያ መጋቢት 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ተጀምሮ ኅዳር 28 ቀን 2012 ዓ.ም. እስኪፈጸም ድረስ በ6 ምዕራፎች 53 ክፍሎች ቀርበዋል። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ማይክ ጀጅ እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያው ሸለቆ በአንድ ጀማሪ ኩባንያ ለጥቂት ጊዜ ተቀጥሮ የነበረ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ከትርኢቱ ሳቅ ይልቅ ለነጋዴ የሚጠቅመው የተመልካቾቹ አስተያየት ነው። ከተመልካቾቹ መካከል ብዙዎቹ የተሣቀባቸው ሰዎች ራሳቸው ነበሩና።

የታሪኩ ፍሬ ነገር

ሪቻርድ ሄንድሪክስ የተባለ ዓይናፋር ወጣት በኮምፒዩተር የሚከማቸውን ድምፅ፥ ሥዕልና ጽሑፍ ጥራቱን ሳያጎድል እጅግ አሳንሶ የሚያስቀምጥ ዘዴ ያገኛል። ተቀጥሮ የሚሠራበት «ሁሊ» የተባለው ታላቅ ኩባንያ ዘዴውን በ10,000,000 ዶላር ሊገዛው ይጠይቀዋል። ሌላ ባለገንዘብ ደግሞ 200,000 ዶላር ሰጥቶ 5 በመቶ ድርሻ ለመያዝ፥ ወጣቱም የራሱን ኩባንያ እንዲያቋቁም ሐሳብ ያቀርብለታል። ሪቻርድ ሁለተኛውን ይመርጣል። ከዚያ ወዲያ የሚታየው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ሸቀጡን መሥራት እንጂ መነገድን ባለማወቁ ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል ቼኩን ወደ ባንክ ማስገባት ነበር። ቼኩ የተጻፈው «ፓይድ ፓይፐር» በሚለው የኩባንያው ስም ሲሆን፥ ኩባንያው ገና በሕግ አልተቋቋመም። ስሙንም ቀድሞ የያዘው ጊልሮይ በምትባል ከተማ የሚኖር የመስኖ ሥራ ባለቤት ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ ስሙን በ1,000 ዶላር ሊገዛ በቃል ተስማምቶ እጅ ከተጨባበጠ በኋላ፥ ሻጩ የገዢውን አቅም ሲሰማ ዋጋውን አብዝቶ ጠየቀ። በኢትዮጵያም የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ስለ ንግድ ስም ምዝገባ የሚደነግገው እንዲህ ያለው ክርክር አስቀድሞ እንዲቀር ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው ለሟች ብቻ አይደለም፤ ለሱቅም ይሠራል።

በሁለተኛው ምዕራፍ ሁሊ ዘዴው የእኔ ነው ብሎ ወጣቱን ከሰሰው። ለክሱ መሠረት የሆነው ሪቻርድ የራሱ ኮምፒዩተር ለጥገና በሄደበት ጊዜ አንድ ሙከራ በአሠሪው ኮምፒዩተር ማድረጉ ነበር። ወጣቱ የዳነው በንጽሕናው አይደለም፤ የሁሊ የቅጥር ውል ከሕግ ውጭ የሆነ ቃል ስለ ነበረበት ውሉ በመፍረሱ ነው። ይህን ክፍል የሚያይ የሙያ ሰው የቅጥር ውሉን በሚገባ አንብቦ እንደ ሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

የሁለት ባለጸጎች ፍርድ

ትርኢቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬድዉድ ሲቲ ለተጋበዙ እንግዶች በታየበት ዕለት ከተመልካቾቹ አንዱ ኢሎን ማስክ ነበር። እርሱም አልወደደውም። ገጸ ባሕርያቱ እውነተኛውን የሶፍትዌር መሐንዲስ አይመስሉም፤ ወደ ሆሊዉድ ሰው ያደላሉ፤ የሸለቆው ግብዣም በትርኢቱ እንደታየው የክብር ሽሚያ አይደለም የሚል ነቀፌታ አቀረበ።

ማይክሮሶፍትን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ቢል ጌትስ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ተቃራኒውን ጻፈ። ቧልት ነገርን ማጋነኑ የታወቀ ቢሆንም ይህኛው ብዙ እውነት ይዟል፤ የሸለቆውን አሠራር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሊያየው ይገባል ሲል መሰከረ። ራሱንም በሪቻርድ አምሳል አገኘው፤ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፥ ሰውን ማስተዳደርን ግን በመከራ የሚማር ሰው ነውና። አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረው። ትርኢቱ ትልልቆቹን ኩባንያዎች ሰነፍ፥ ትንንሾቹን ብልኅ አድርጎ ማሳየቱ ሚዛኑን ያልጠበቀ መሆኑን ገልጾ፥ ትንሽ ኩባንያም እንደ ትልቁ ሊሰንፍ እንደሚችል፥ ትልቁ ደግሞ ረጅም ጊዜ ለሚፈጅ ምርምር የሚሆን ገንዘብ እንዳለው አስረዳ። በመጨረሻው ክፍልም ራሱ ለአፍታ ታይቷል።

ያረጀ ቃልን ያስጣለ ሳቅ

በትርኢቱ ውስጥ መድረክ ላይ የሚወጣ ጀማሪ ኩባንያ ሁሉ፥ የሚሸጠው ነገር ምንም ቢሆን፥ «ዓለምን የተሻለች እናደርጋለን» እያለ ይምላል። ሸቀጡ እየተለያየ መሐላው አንድ መሆኑ ተመልካቹን እጅግ አሣቀው። ኒው ዮርከር የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጽሑፍ እንደተመለከተው፥ ለትርኢቱ ጸሐፊዎች የደረሳቸው ወሬ አንዳንድ ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው ይህን አባባል እንዲተዉ ማዘዛቸውን የሚገልጽ ነበር። የተከለከለው ሐሰት ስለ ሆነ ሳይሆን መሣቂያ ስላደረጋቸው ነው። አንድ ቃል በገዢው ፊት ሲረክስ ሻጩ ዘግይቶ የሚሰማ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ሌላው አስተያየት ከሳቅ የራቀ ነበር። ብዙ ተመልካቾች በትርኢቱ ውስጥ የሴቶች ቍጥር እጅግ ማነሱን ነቅፈዋል። በተለይም በአንድ የውድድር ጉባኤ ላይ የታየው ሕዝብ ወንድ ብቻ መምሰሉን እንደ አዘጋጆቹ ጥፋት ቈጠሩት። ይሁን እንጂ ያ ሥዕል በእውነተኛው ጉባኤ ላይ የተነሣ ነበር። ነቀፌታው በመስተዋቱ ላይ ተሰንዝሮ ባለፊቱን አገኘው።

የገቢና የደንበኛ ነገር

ነጋዴ ተመልካች ከሁሉ የበለጠ የሚደነቅበት አንድ ባለገንዘብ ለሪቻርድ የሰጠው ምክር ነው። ገቢ አታሳይ፤ ገቢ ካሳየህ ሰዎች ስንት ነው ብለው ይጠይቁሃል፥ መልሱም መቼም አይበቃቸውም፤ ገቢ የሌለው ኩባንያ ግን ወደ ፊት ሊያገኝ በሚችለው ይገመታል አለው። በአማርኛ ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህ ነው። ሳቁ መራራ የሚሆነው እንዲህ ባለ ግምት ዋጋ የተሰጣቸው እውነተኛ ኩባንያዎች በመኖራቸው ነው።

በሦስተኛው ምዕራፍ የኩባንያው ሥራ ለገበያ ቀረበ። አስቀድመው የሞከሩት የሙያ ባልደረቦች ሁሉ አደነቁት። ሕዝቡ ግን በብዛት ወደ ስልኩ ካስገባው በኋላ አጠቃቀሙ ስላልገባው ተወው። ከኩባንያው ሰዎች አንዱ ጉድለቱን ለመሸፈን በባንግላዴሽ ላሉ ቅጥረኞች ከፍሎ ሐሰተኛ ደንበኞችን አስቈጠረ። ሪቻርድ አዲሱ የገንዘብ ውል ሊፈረም ሲል እውነቱን ተናገረ፤ ገንዘቡም ቀረ።

ለባለሱቅና ለላኪ የሚተርፈው

ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ለሚገኙት ለመቱና ለአካባቢዋ ከተሞች ሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ በስልክ የመክፈል አሠራር ከትንሹ ሱቅ ደጃፍ ደርሷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም፥ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፥ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። በመቱ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ፥ ከትምህርቱ ወጥቶ የማርና የቡና ሽያጭን በስልክ አገናኛለሁ የሚል ወጣት ነጋዴውን ገንዘብ ቢጠይቀው አያስደንቅም።

እንዲህ ያለውን ወጣት በሳቅ መመለስ ስሕተት ነው፤ በስልክ ክፍያም ሲጀመር የሣቁ ነበሩና። በአድናቆት ብቻ ገንዘብ መስጠትም ያው ስሕተት ነው። በቧልቱ ውስጥ የሚታዩት ጉድለቶች ሁሉ ገንዘብ ከኪስ ሳይወጣ ሊጠየቁ ይችሉ ነበር።

አንደኛ፥ ኩባንያው ተመዝግቧልን? ስሙስ የማን ነው? ሁለተኛ፥ ሥራው የተሠራው በማን መሣሪያና በማን የሥራ ሰዓት ነው? ከቀድሞ አሠሪ ጋር የተፈረመ ውል አለን? ሦስተኛ፥ የሞከሩት ሰዎች የሠሪው ጓደኞች ናቸው ወይስ ገበያተኞች? አራተኛ፥ ከተመዘገቡት ደንበኞች መካከል ዛሬ የተጠቀመበት ስንቱ ነው? አምስተኛ፥ ገንዘብ የሚከፍለው ማን ነው? መቼስ ይከፍላል?

አምስቱን ጥያቄዎች በትዕግሥትና ያለ ዕፍረት የሚመልስ ወጣት ሊረዳ የሚገባው ሰው ነው። «ዓለምን እለውጣለሁ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ግን ጆንያውን ከአፉ በታች እንዳይነኩበት የሚለምን ቡና ሻጭ ነው። ለልጆች ትምህርት ወይም ለሚመጣው የቡና ወቅት የተቀመጠ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ጆንያውን ከመካከሉ ሳይወጋ ዋጋ ሊናገር አይገባውም።