እንዴት ይሠራል? የባትሪ ክፍል አየር

ደምበጫ ላይ መብራት ሲጠፋ ሶላር ያለው ጸጉር ቤት ሥራ አይፈታም፤ ጸጉር ይቆርጣል፣ የገበያተኛውንም ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። ፓነሉ ቆርቆሮው ላይ ነው፤ ባትሪዎቹ ከባንኮኒው ሥር። ዋጋቸው ውድ ስለሆነ ልጅ እንዳይነካቸው፣ ሌባም እንዳይወስዳቸው ድፍን ሣጥን ውስጥ ይቆለፍባቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሣጥን ነው።

ውሃ የሚጨመርበት የአሲድ ባትሪ ሊሞላ ሲቃረብ የሚገባለትን ኤሌክትሪክ ሁሉ ማጠራቀም ያቅተዋል። የተረፈው ኃይል ውስጡ ያለውን ውሃ ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይለውጠዋል። ጆሮ ጠጋ ሲያደርጉ የሚሰማው መንተክተክ ይኸው ነው፤ ውሃው ቶሎ ቶሎ የሚጎድለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሃይድሮጂን ቀለምም ሽታም የለውም። ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ በብልጭታ ይቀጣጠላል፤ ብልጭታው ከማብሪያ ማጥፊያ፣ ከላላ የባትሪ ገመድ ወይም የውሃውን ልክ ለማየት ከተጫረ ክብሪት ሊመጣ ይችላል።

ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ሲያያዝ 12 ሴል ይሆናል። ከሞሉ በኋላ 4 አምፒር መግባቱን ከቀጠለ በሰዓት ከ20 ሊትር በላይ ሃይድሮጂን ይወጣል። ሣጥኑ ግማሽ ሜትር ኩብ ቢሆንና ምንም መተንፈሻ ባይኖረው፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ 4 በመቶው ላይ ይደርሳል።

መፍትሔው ቀዳዳ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ቦታው ላይ ነው። ሃይድሮጂን ከአየር 14 ጊዜ ያህል ስለሚቀል እንደ ማድቤት ጭስ ሽቅብ ወጥቶ ከላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ ባትሪው የራሱ ክፍል ካለው ንጹሕ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ ወለሉ አጠገብ፣ መውጫው ደግሞ በፊት ለፊቱ ግድግዳ የላይኛው ጫፍ ላይ መሆን አለበት። መውጫው ከኮርኒሱ አንድ ስንዝር ዝቅ ካለ ጋዙ እዚያች ስንዝር ውስጥ ይታሰራል። ሣጥን ከሆነም መተንፈሻው ወደ ሱቁ ሳይሆን ወደ ደጅ ይውጣ። ለሁለት ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በዓለም አቀፉ ደረጃ ስሌት እያንዳንዱ ቀዳዳ 70 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። እኔ ግን 10 በ15 አደርገዋለሁ፤ ለአይጥ የሚወጠረው ወንፊት ሽቦ፣ አቧራና የሸረሪት ድር ቦታ ይሻማሉ። ኢንቨርተሩና ቻርጅ መቆጣጠሪያው ከባትሪው በላይ፣ እዚያው ሣጥን ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጡም።

ሙቀቱስ? የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ደምበጫ ደጋማ ናት፣ ሌሊቷም ይቀዘቅዛል፤ ኤርኮንዲሽነር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። እዚህ ጠላቱ ቆርቆሮው ነው። በየካቲትና በመጋቢት ባትሪው ሞልቶ መንተክተክ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ፣ ልክ ቆርቆሮው ሲግል ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ የሚያወጣው ጋዝ ይብሳል። ፋን ከመግዛት በፊት ኮርኒስ ይሠራ፤ ባትሪውም ከምዕራቡ ግድግዳ ይራቅ፣ በባትሪና በባትሪ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት ይተው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ለዚህ ሥራ ከቆርቆሮ ግድግዳ እጅግ ይሻላል። ቻርጅ መቆጣጠሪያው የሙቀት ሴንሰር ካለው ባትሪው ላይ ይለጠፍ፤ ሙቀቱ ሲጨምር ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል።

አሁን አሁን የሚመጣው ሊትየም ባትሪ በደህናው ጊዜ ሃይድሮጂን አያወጣም። ተበላሽቶ ሲግል ግን የሚቀጣጠል ጋዝ ይተፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና፣ ሰርፕራይዝ በምትባል ከተማ፣ ከአንድ ትልቅ ባትሪ የወጣ ጋዝ በተዘጋ ክፍል ተጠራቅሞ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሩን ከከፈቱ በኋላ ፈንድቶ ክፉኛ አቁስሏቸዋል። ቀዳዳዎቹ ለሊትየምም ይኑሩ፤ ባትሪ የሚባል ነገርም መኝታ ክፍል አይግባ። ተዘግቶ የዋለ የባትሪ ክፍል ሲከፈት ደግሞ መብራት ከማብራት በፊት በሩ ለጥቂት ደቂቃ ወለል ብሎ ይቆይ።