መንገዱ ይቅደም፣ ቸርኬው ይከተል፦ ስለ ጎማ ምርጫ አጭር ዳሰሳ

የመኪናውን መልክ መለወጥ የሚሻ ሰው መጀመሪያ እጁ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከትንሿ ቪትዝ እስከ ስፖርት መኪና ድረስ የፋብሪካው ቸርኬ ወልቆ፣ ተለቅና ሰፋ ያለ አልሙኒየም ሲገባ ማየት የተለመደ ነው። ጎማው የሚታሰበው ቸርኬው ከተገዛ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ መንገዱ፣ ሙቀቱና ጭነቱ፣ ቀጥሎ ጎማው፣ በመጨረሻ ቸርኬው። ለዚህ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉት አብርሃ ጅራና የመተማ ቆላ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስን ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር የሚያጣብቅ ጭቃ ይሆናል። ለለስላሳ አስፋልት የታሰበ ምርጫ እዚህ ቶሎ ይጋለጣል።

ጎማ አቅሙን ጎኑ ላይ ተጽፎበት ይመጣል። 205/55 አር 16 91 ቪ የሚለውን እንውሰድ። ስፋቱ 205 ሚሊሜትር ነው፤ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 55 ከመቶ፣ ማለትም 113 ሚሊሜትር ያህል ነው። አር ሚሽሊን በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የራዲያል አሠራር ያመለክታል፤ 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ ቪ ደግሞ በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። ባለቤቱ 18 ኢንች ቸርኬ ቢያስገባ የተለመደው ምትክ 225/40 አር 18 ነው። የጠቅላላ ቁመቱ ለውጥ ከ632 ወደ 637 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው ብዙም አይዛባም። ሁለት ነገር ግን ተጓድሏል። የጎኑ ቁመት ወደ 90 ሚሊሜትር ወርዷል፤ ጉድጓድና ድንጋይ ሲመታ ቸርኬውን የሚጠብቀው ትራስ በዚያው ልክ ሳስቷል። በዚህ መጠን የሚሠራው መደበኛ ጎማ ደግሞ ቁጥሩ 88፣ አቅሙ 560 ኪሎ ነው። በአራቱ ጎማ ሲደመር 220 ኪሎ ጠፍቷል። ይህን የሚክሰው «ኤክስትራ ሎድ» የተባለው፣ ቁጥሩ 92 የሆነና 630 ኪሎ የሚችል ጎማ ነው፤ እሱም አቅሙን ሙሉ የሚሰጠው ከፍ ባለ የንፋስ ልክ ነው።

ቸርኬውም የራሱ ልክ አለው። 225/40 አር 18 የሚስማማው ስፋቱ ከ7.5 እስከ 9 ኢንች ለሆነ ቸርኬ ነው፤ ከዚያ ከጠበበ ጎማው ያብጣል፣ ከሰፋ ጎኑ ይወጠርና ጠርዙ ለምት ይጋለጣል። የዳዶው ብዛትና ርቀት፣ የመሃል ቀዳዳውም በሞዞው ላይ ልክ መግጠም አለባቸው። ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ጎማው ፓራፋንጎ ይነካል፤ ኩሽኔታውም ከተሠራበት በላይ ይጫናል።

ሙቀት የጎማ ቀንደኛ ጠላት ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ የቆላው አስፋልት ይጨምርበታል፤ ፍንዳታ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። «ማን 240 ሊነዳ ነው?» ብሎ የፍጥነት ፊደሉን መናቅ የማያዋጣውም ለዚህ ነው፤ ፊደሉ ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ጭምር ይናገራል። ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ጎንደር በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መኪና ሌላም ነገር ይገጥመዋል። የውጩ አየር ስለሚከብድ የንፋሱ ልክ 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ፣ እንደገና መለካት ይገባል። ዕድሜም ይቆጠር። ጎኑ ላይ 2319 የሚል ቁጥር ያለው ጎማ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ግድም የተሠራ ነው፤ ቁጥሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነበበ ሰው የጎማውን ዕድሜ በስምንት ዓመት ያህል ይሳሳታል።

ትልቅ ቸርኬ መሪን ያፈጥናል፣ ለትልቅ ፍሬንም ቦታ ይሰጣል የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። አጭር ጎን ኩርባ ላይ አይዋልልም፤ የትልቅ ፍሬን ዲስክም በትንሽ ቸርኬ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው መንገዱ ለስላሳ ሲሆን ነው። ጠጠርና ጉድጓድ ላይ ያው አጭር ጎን ቸርኬ ያጣምማል፣ ጎማ ይቀድዳል፤ ጥርሱ ጥልቀት የሌለው የስፖርት ጎማም ጥቁር ጭቃ ሲሞላው መያዝ ያቆማል። ጥያቄው ነገ ይበልጥ ይከብዳል፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ናቸው፣ የጭነት ቁጥሩም ለእነሱ የበለጠ ወሳኝ ነው።

ስለዚህ ለቆላው መንገድ የሚበጀው ቸርኬ ፍሬኑን የሚያሳልፈው ትንሹ ነው፤ ጎማው ደግሞ ጎኑ ረዘም ያለ፣ የጭነት ቁጥሩም ከፋብሪካው የማያንስ ይሁን። ቸርኬ ለመግዛት ከመውጣትዎ በፊት የሾፌሩን በር ከፍተው እዚያ የተለጠፈውን የጎማ መጠንና የንፋስ ልክ ያንብቡ፤ ጽፈውም ይያዙ።