ጥቁር ቡና፣ ጋዝና የትከሻ ሕመም፦ ስለ ላፓሮስኮፒ ጥቂት እንበል

«ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ምክር፣ በሰቶ ሰመሮም ሆነ በአካባቢው የቡና ከተሞች፣ በወር አበባ ሕመም ከትምህርት ለምትቀር ልጅ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ሕመሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማኅፀን ውጭ ሲበቅል ነው። በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚያጠቃ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል።

መድኃኒት ካልበቃ ሐኪሞች ላፓሮስኮፒን ሊመርጡ ይችላሉ። በዚህ ዘዴ ሆድ በሰፊው ሳይቀደድ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በገባ ካሜራና መሣሪያ ሕብረ ሕዋሱ ይወገዳል።

ለመሆኑ አስቀድሞ መጾም ለምን አስፈለገ? በማደንዘዣ ወቅት የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። በተለመደው መመሪያ ጠጣር ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ወተት ያልገባበት የጠለለ ጥቁር ቡና ግን 2 ሰዓት እስኪቀር ሊፈቀድ ይችላል። ከሁሉም የሐኪሟ ትእዛዝ ይቀድማል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆድ ተነክቶ ትከሻ ማመሙ ያስገርም ይሆናል። ሆድን ለመንፋት የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድያፍራምን ሲቆጠቁጥ፣ የድያፍራምና የትከሻ ነርቮች መነሻቸው አንገት ላይ ስለሚገናኝ፣ አንጎል ሕመሙን ከትከሻ የመጣ ያስመስለዋል። ይህ በጥቂት ቀናት ያልፋል። ቀስ ብሎ መራመድ ይመከራል፤ ከባድ ሸክም ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። ትኩሳት ወይም እየበረታ የሚሄድ የሆድ ሕመም ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መመለስ ይገባል።

በሽታው ሊያገረሽ ስለሚችል ክትትል አይቋረጥ። ሕመምን ችሎ ዝም ማለት ሙያ አይደለምና፣ እኅቶቻችን በጊዜ እንዲመረመሩ እንመክራለን።