ውኃና ከውኃ በታች ያለው መሬት



ስለ ውኃ ሲነገር ብዙ ሰው የሚመለከተው ላዩን ነው። ውኃን አደገኛ የሚያደርገው ግን ከሥሩ ተሰውሮ የሚገኘው መሬት ነው። ይህን ነገር ጠንቅቀው ከሚያውቁት መካከል በባሕር ማዕበል ላይ ቆመው የሚጋልቡ ስፖርተኞች ስለሚገኙ፥ ንግግራችንን ከእነሱ እንጀምራለን፤ ፍጻሜው ግን እዚሁ ከአቃቂ ወንዝ ዳር ነው።

ሰርፊንግ የሚባለው ስፖርት፥ ሰው በአንድ ረዥም ሰሌዳ ላይ ቆሞ፥ ወደ ዳርቻ በሚገሠግሠው ማዕበል ፊት ቁልቁል እየተንሸራተተ የሚጓዝበት ጨዋታ ነው። ማዕበሉን የሚፈጥረው ነፋስ ነው። በውቅያኖስ መካከል ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ ኀይሉን ለውኃው ያስረክባል፤ ያም ኀይል በሺሕ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ የሚጓዘው ኀይሉ እንጂ ውኃው አለመሆኑ ነው። ነፋስ የጤፍ ማሳን ሲያወዛውዝ ሞገዱ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ አገዳው ግን ከሥሩ አይነቀልም። የባሕሩም ነገር እንዲሁ ነው።

ይህ ኀይል ጥልቀት ወደሌለው ስፍራ ሲደርስ የማዕበሉ የታችኛው ክፍል በመሬቱ ይያዛል። የላይኛው ግን መገሥገሡን ስለማይተው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በመጨረሻም ወደ ፊት ተገልብጦ ይወድቃል። የባሕሩ ወለል አሸዋና ቀስ በቀስ ከፍ የሚል እንደ ሆነ ማዕበሉም ቀስ ብሎ ይሰበራል፤ ለጀማሪ የሚስማማው ይህ ነው። ወለሉ ከጥልቅ ባሕር ድንገት እንደ ግንብ የሚነሣ የኮራል ዐለት እንደ ሆነ ግን፥ የማዕበሉ ኀይል ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ኮራል ማለት የጥቃቅን የባሕር እንስሳት አካል በብዙ ዘመን ተጠራቅሞ የሠራው፥ ገላን እንደ ቢላዋ የሚቆርጥ ድንጋይ ነው።

ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነው በፓስፊክ ውቅያኖስ፥ በታሂቲ ደሴት የሚገኘው ቴአሁፖ ነው። መንደሩ የደሴቲቱ መንገድ ከሚያበቃበት ስፍራ ይገኛል። በ2016 ዓ. ም. የፓሪስ ኦሎምፒክ ሲደረግ፥ የሰርፊንግ ውድድር የተካሄደው ከፓሪስ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በዚሁ ስፍራ ነበር። በወንዶች ውድድር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው በታሂቲ ያደገው ካውሊ ቫስት ነው። ዐለቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያወቀ ሰው ማሸነፉ ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም።

በእንዲህ ያለ ቦታ የሚጋልብ ዐዋቂ ምን ያደርጋል? አስቀድሞ ከዳር ቆሞ ለረዥም ጊዜ ይመለከታል፤ ትልልቆቹ ማዕበሎች ተከታትለው በቡድን የሚመጡ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ደቂቃ ጸጥ ያለውን ባሕር አያምንም። ከመግባቱ በፊት የሚወጣበትን መንገድ ይለያል። ብቻውን አይገባም። ሲወድቅም ጭንቅላቱን ከዐለት እንዳይመታ በአፍጢሙ አይጠልቅም። ከሁሉም በላይ፥ ቀኑ የእሱ ካልሆነ ሰሌዳውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ይህንንም እንደ ውርደት አይቈጥረውም።

አገራችን ዛሬ የባሕር በር የላትም፤ ይሁን እንጂ ይህ ትምህርት ለወንዞቿም ይሠራል። በባሕር ማዕበሉ ሲጓዝ ውኃው ባለበት ይቀራል፤ በወንዝ ግን ውኃው ሲጓዝ ሞገዱ ከተሰወረው ዐለት በኩል ባለበት ይቆማል። ሁለቱንም የሚሠራቸው የታች መሬት ነው። በ1960 ዓ. ም. ክረምት፥ በመኰንኑ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ቡድን፥ የዐባይን ሸለቆ በጎማ ጀልባ ለመመርመር ተነሥቶ ነበር። ጀልባዎቹ ብርቱ ሞገድ ገጥሟቸዋል። ከአባላቱ አንዱ በውኃ ሕይወቱን ያጣው ግን በጀልባ ላይ ሳለ ሳይሆን፥ የሞላ ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው።

አሁን ወደ አቃቂ እንመለስ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከአዲስ አበባ በላይ ካሉት ተራሮች የሚወርደውን ዝናብ ሰብስበው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ጕዞውን የሚፈጽመው በአቤ ሐይቅ ስለ ሆነ ይህ ውኃ ከባሕር አይደርስም፤ ሰውን ለመጣል ግን ባሕር መሆን አያስፈልገውም። በክረምት በእንጦጦ የዘነበው ዝናብ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሊደርስ ይችላል። ሙላቱ ድንጋዩን ስለሚያንከባልልና አሸዋውን ስለሚያጥብም፥ ያምናው መሻገሪያ የዘንድሮ መሻገሪያ ነው ብሎ ማመን አይገባም።

የውኃውን ኀይል በቍጥር ብንመለከተው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከቁርጭምጭሚት ብዙም የማያልፍ፥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ አውቶሞቢልን፥ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ይችላል። አበው «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የቢሮ ሰዓት እንዳያልፍብህ ስትቸኩል የሞላ ወንዝ ቢገጥምህ፥ የሠለጠነው ጋላቢ የሚያደርገውን አድርግ፤ ቆመህ ተመልከት፤ የደፈረሰ ውኃ ወለሉን እንደማያሳይህ ዕወቅ፤ በድልድይ በኩል ዙር፤ ድልድይ ከሌለ እስኪጎድል ጠብቅ። ለልጆችህም ይህንኑ አስተምር፤ ትምህርት ቤት በመዘግየታቸው የሚደርስባቸው ተግሣጽ ቀላል መሆኑን ንገራቸው። የመንገድ፥ የድልድይ ወይም የአካባቢ ጉዳይ ከጠረጴዛህ የሚቀርብ ሠራተኛ እንደ ሆንህ ደግሞ፥ ስለ አንድ የእግረኛ መሸጋገሪያ የቀረበው ማመልከቻ ከክረምት በፊት ውሳኔ እንዲያገኝ ትጋ። ጋላቢው ወደ ማዕበሉ የሚገባው ወድዶ ነው፤ ወንዝ የሚሻገረው ተማሪ ግን ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው።